አዲስ አስመሳይ ይገዛልን

ሰው «ሕይወቴን የቀየረው አጋጣሚ» ብሎ ሲጀምር ወይ ከመኪና አደጋ ተርፏል፣ ወይ ፍቅር ይዞት አብዷል፣ ወይ ውጭ አገር የመሄድ ዕድል ለጥቂት አምልጦታል። የእኔን ሕይወት የቀየረችው ግን በእግር የምትረገጥ አንዲት ጥቁር ሳጥን ናት። መሳቅ ትችላላችሁ። እኔም ስቄባታለሁ፤ ግን እስክስቅ ድረስ ጥርሴን ነክሼ የቆየሁበት ጊዜ ትንሽ አልነበረም።

ስሜ ትዕግስት ነው። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ምን ተስፋ አድርገው እንደሆነ አላውቅም፤ ትዕግስት የሚባለው ነገር እኔ ላይ አልፈጠረብኝም። ቦንጋ ውስጥ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አሳምራለሁ፣ ያልሠሩትን ሥራ ሠርተናል ብለው የሚያስጽፉኝን ደንበኞች በትህትና አስተናግዳለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። ልቤ ግን ያለው ጊታር ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮ ቡድን ውስጥ ሊድ ጊታር የምጫወተው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣሁ ሰሞን ሴት ልጅ ጊታር ስትጫወት ማየት ብርቅ ሆኖ ሰዉ ስብከት ሊሰማ ይምጣ እኔን ሊያይ ይምጣ ለመለየት ያስቸግር ነበር። በኋላ ተለመድኩ። ከተለመድኩ በኋላ ደግሞ ያቺ ቦታ የእኔ ሆነች፤ ሌላ የእኔ የምለው ብዙ ነገር አልነበረኝምና አጥብቄ ያዝኳት።

ስለ ሳጥኗ ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ። ኤሌክትሪክ ጊታር ለብቻው እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ የለውም። ድምፁን ድምፅ የሚያደርገው ማጉያው ነው፤ እኛ በአጭሩ አምፕ እንለዋለን። ስማቸው የገነነው አምፖች ከባድና ውድ ናቸው፣ ቦንጋ ድረስ የመጣም የለም። ስለዚህ ፈረንጆቹ የእነዚያን የብዙ አምፖች ድምፅ በውስጧ ይዛ የምታወጣ ትንሽ ዲጂታል ሳጥን ሠሩ። በእንግሊዝኛ ሞዴለር ይሏታል። የእኔን የገዛኋት ባንዱ ከተበተነበት የጅማ ጊታሪስት ነው። ስክሪኗ ደብዝዟል። የግራውን መርገጫ በተረከዝ ካልደለቁት አይሰማም። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስቀይር ደግሞ ለጥቅሻ ያህል ጸጥ ትላለች። ይህን ጸጥታ ለመሸፈን ድምፅ በምቀይርበት ቦታ ሁሉ «ሃሌ ሉያ!» ብዬ መጮህ ለምጄ ነበር። ሰዉ መንፈስ የነካኝ ይመስለው ነበር።

በዚህ መሀል ናሆም መጣ።

ናሆም የቦንጋ ልጅ ነው፤ ሰፈራችን አንድ ነበር። አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ጠባብ ሱሪ፣ የአካባቢያችን ቋንቋ ካፊኖኖ የጠፋው የሚያስመስል አነጋገርና አንድ አዲስ ሞዴለር ይዞ መጣ። ጊታርም ይጫወታል፣ ይዘምራልም። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ወዲያው የአምልኮ መሪ አደረጉት። ሰውየው ለድምፅ ቃና «ቶን» የሚለውን ቃል ሳይጠራ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ልምምድ ላይ ከእያንዳንዱ መዝሙር በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ «ቶኑ ይቀረዋል» ይላል። ምን እንደሚቀረው ግን አይናገርም።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሳጥኔን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት።

«ትዕግስት፣ እህቴ፣ ይቺን አፕግሬድ ማድረግ አለብሽ።»

«ምን ሆነች?»

«ጋፕ አላት። አንቺ ሃሌ ሉያ እያልሽ ትሸፍኚዋለሽ እንጂ እኔ ይሰማኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ትልቁ ኮንፈረንስ ደርሷል። ከደካ ከተማም፣ ከቢታ ገነትም እንግዳ ይመጣል። በዚህ ቶን እዚያ መድረክ ላይ ላወጣሽ አልችልም። ከጅማ የማውቀው ልጅ አለ፣ አሪፍ ነው የሚጫወተው። ግን አንቺን ነው የምመርጠው፣ እውነቴን ነው።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ወይ አዲስ ሞዴለር አገኛለሁ፣ ወይ ቦታዬን ለጅማ ልጅ እለቃለሁ።

ምን ዋጋ አለው ብዋሽ፤ እኔም አዲሱን ፈልጌው ነበር። ደንበኛ ከፊቴ ቆሞ ማመልከቻው እስኪወጣ ሲጠብቅ እኔ ስልኬ ላይ ዩቲዩብ ከፍቼ ጢማም ፈረንጆች ሁለት ሳጥን እያፈራረቁ ሲጫወቱ አያለሁ። «ልዩነቱን ሰማችሁት?» ይላሉ። እኔም በዚያች በሚንጫጫ የስልክ ስፒከር፣ ከጎኔ ፎቶ ኮፒው እየጮኸ፣ አዎ ሰማሁ እላለሁ። ሰው መታለል ከፈለገ ምን ያህል ተባባሪ እንደሚሆን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ናሆም አዲሷን ሳጥን ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ እንድትገዛ ሐሳብ አቀረበ፤ ነገሩም ለሽማግሌዎች ስብሰባ ተመራ። ስብሰባው የኮንፈረንሱ ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። መጋቢያችን ለሥልጠና ስለሄዱ የሚመሩት ጋሽ አድማሱ ነበሩ። ጋሽ አድማሱ ዕድሜያቸውን በሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል የሠሩና ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቢሮው ቢለቃቸውም እሳቸው ቢሮውን አለቀቁትም። ጸሎት ሲያደርጉ እንኳ «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ ላይ» ይላሉ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ብቸኛዋ ሴት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፤ የእናቴ ጓደኛ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ ሁልጊዜ ቦርሳቸው ውስጥ ከረሜላ የማይጠፋ።

ደጅ ላይ ስንገናኝ ሁላችንም በካፊኖኖ ተሳስቀን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ተጨዋውተን ነው የገባነው። ወንበር ላይ እንደተቀመጥን ግን አማርኛ ሆነ። እኛ ዘንድ ስብሰባ በአማርኛ ነው፣ ያውም በቢሮ አማርኛ። ማን እንዳዘዘው አላውቅም። እቤቱ አማርኛ የማይነገርበት ሰው ሁሉ አጀንዳ የሚባል ነገር ሲመጣ ጉሮሮውን ጠርጎ ሌላ ሰው ይሆናል።

ናሆም ስለ ሳጥኑ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። ሞዴለር፣ ፕሮሰሰር፣ ሲሙሌሽን፣ ቶን፣ ቶን፣ ቶን። ጋሽ አድማሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ወንድም ናሆም፣ ተባረክ። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ሞዴለር ብለን አንጽፍም። የሚገዛው ዕቃ በአማርኛ ምን ይባላል? ትዕግስት፣ አንቺ ጽሑፍ ቤት አለሽ፣ ተርጉሚልን።»

እዚህ ላይ በካፊኖኖ ብናገር ኖሮ «ድምፅ የሚያሳምር ዕቃ ነው» ብዬ አልፌው ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ግን የቢሮ አማርኛ እኔንም ያዘኝ። በትክክል መተርጎም አማረኝ።

«እንግዲህ… የማጉያ ድምፅ አስመሳይ ልንለው እንችላለን» አልኩ።

ጋሽ አድማሱ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ምን አልሽ?»

«አስመሳይ። ማለቴ፣ የትልልቆቹን አምፖች ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ።»

«ኧረ በኢየሱስ ስም!» አሉ እትዬ ወርቅነሽ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አስመሳይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁ መንገር አያስፈልግም። ከመድረክ የሚገሠጸው እሱ ነው፤ አፉ አሜን እያለ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው። ሌባ ንስሐ ቢገባ ያለቅሱለታል፤ አስመሳይ የተባለ ግን ስሙን እንደያዘ ይቀራል። እኔ ደግሞ ይህን ቃል አንስቼ ለሽማግሌዎች «አዲስ አስመሳይ ይገዛልን» ብዬ አቀረብኩላቸው።

ጋሽ አድማሱ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ስለዚህ እስከ ዛሬ በመድረካችን ላይ ሲያገለግል የነበረው…»

«አሮጌ አስመሳይ ነው» አለ ናሆም፣ ሊያግዘኝ ፈልጎ። እግዚአብሔር እንዲህ ካለው አጋዥ ይጠብቃችሁ።

«ቆይ» አሉ ጋሽ አድማሱ ወደ እኔ ዞረው። «ይህ ዕቃ የሚመስለውን ነገር አንቺ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«እውነተኛውን አምፕ? አላየሁም።»

«ድምፁንስ ሰምተሻል?»

«በዩቲዩብ።»

«በስልክ ማለት ነው። ስለዚህ መምሰሉን በምን አወቅሽ?»

ጥያቄው መልካም ነበር፤ የጠየቁት ግን መልሱን ፈልገው አይደለም። ግዥ ክፍል ሲሠሩ አቅራቢ ነጋዴ የሚያስጨንቁበት ዘዴ ነው፤ እኔ ግራ ስጋባ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ ያንን ይናገራል። ናሆም ጣልቃ ገባ።

«እኔ አዲስ አበባ አይቻለሁ።»

«ተጫውተህበታል?»

«አጠገቡ ቆሜያለሁ።»

እኔም በዚህ ጊዜ ትዕግስቴ አለቀ፤ ከመጀመሪያውም ብዙ አልነበረም።

«ጋሽ አድማሱ፣ ኪቦርዱስ? ኪቦርዱ ዋሽንት ያስመስላል፣ ክራር ያስመስላል፣ ባለፈው እሁድ የዝናብ ድምፅ አውጥቶ እናንተ እጃችሁን ዘርግታችሁ ነበር።»

«ኪቦርድ ኪቦርድ ነው» አሉ ጋሽ አድማሱ።

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ኪቦርድ ኪቦርድ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። ግዥው ውድቅ ሆነ። ከዚህ በላይ ደግሞ በኮንፈረንሱ ላይ ማንኛውም ጊታር «ያለ ምንም አስመሳይ መሣሪያ በራሱ ድምፅ» እንዲያገለግል ተወሰነ። እጅ ወጣ። ናሆምም እጁን አወጣ።

ሞዴለር የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር በቀጥታ ሚክሰር በሚባለው የድምፅ ማቀላቀያ ላይ ሲሰካ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የላስቲክ ጀሪካን ላይ የተወጠረ ሽቦ ነው። አይዘልቅም፣ አይሞላም፣ የጣት ስህተትን ሁሉ አንድ በአንድ ለአደባባይ ያወጣል። ሽማግሌዎቹ ይህን አያውቁም። እነሱ የጊታር «የራሱ ድምፅ» ብለው በልባቸው የሚሰሙት ያንኑ ከሳጥን የሚወጣውን ነው፤ ከሳጥን ውጪ ሰምተው አያውቁምና።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ናሆም ሱቄ መጣ። ደንበኛው እስኪወጣ ጠብቆ ከጃኬቱ ኪስ የእጅ ሳሙና የምታክል ነገር አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ምንድን ናት?»

«ሞዴለር ናት። አዲስ የወጣች። ኪስሽ ውስጥ ትገባለች። ኬብሉ ከጊታሩ ገብቶባት ከሷ ወጥቶ ወደ ሚክሰር፤ ሹራብ ከለበስሽ ማንም አያያትም።»

«የሐሙሱን ውሳኔ እጅህን አውጥተህ አልደገፍክም?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልጨቃጨቅ? እነሱን ያስደነገጣቸው ቃሉ ነው። የእኔን ትልቁን ከመስበኪያው ከፑልፒቱ ሥር አስገባዋለሁ። ጨርቁ እስከ መሬት ነው። ማን ያያል?»

«እግዚአብሔርስ?»

«እሱ ጥሩ ቶን ይወዳል።»

ቀልዱን ሲናገር ራሱን እንደ ብልህ ሰው ነበር የሚያየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ውሰጃት፣ ያንቺ ናት። ያንን ሬሳ ጣይው። ግን ስሚ፣ እሁድ በደረቁ ተጫውተሽ ካዋረድሽን እኔ አላድንሽም። የጅማውን ልጅ እጠራለሁ።»

ሲሄድ በሩን ዘጋሁና ጊታሬን ሰካሁ። ድምፁ ያምራል። አሁንም ቢሆን አልክደውም፤ ያምራል። ጋፕ የለም፣ ሃሌ ሉያ ብሎ መሸፈን የለም። አንዷን ክር ስነካት ድምፁ ግድግዳው ድረስ ሄዶ ተመልሶ መጣ። በር የሚያንኳኳ ደንበኛ ነበር፤ አልከፈትኩለትም። ስንት ጊዜ የተመኘሁት አፕግሬድ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ በነፃ ያንቺ ነኝ ይለኛል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሹራብ እንድለብስ።

ቅዳሜን ሙሉ እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም፤ ከንዴት በስተቀር የተለየ ነገር የለውም። በአንድ በኩል ኪቦርድ ኪቦርድ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች፣ በሌላ በኩል ለማይረባ ውሳኔ እጁን አውጥቶ በማግስቱ በኪስ የሚያዝ ማታለያ የሚያድል የአምልኮ መሪ። የትኛውን የበለጠ እንደናቅኩ ለመወሰን ሞክሬ አቃተኝ። እሁድ ጠዋት ሁለቱንም ሳጥኖች ሱቅ ውስጥ ቆልፌ ጊታሬንና አንድ ኬብል ብቻ ይዤ ወጣሁ። ቅድስና እንዳይመስላችሁ። ታዛዥነትም አይደለም። ውሳኔያቸው ምን እንደሚመስል በገዛ ጆሯቸው እንዲሰሙት ስለፈለግኩ ነው። ቦታዬን ላጣ እንደምችል አውቄያለሁ፤ እየፈራሁ ነው የሄድኩት።

አዳራሹ ሞልቶ በረንዳውም ሞልቷል። ከማንኪራ በእግር የመጡ ሰዎች ጭቃቸውን ደጅ ላይ እያራገፉ ይገባሉ። ናሆም ከፑልፒቱ አጠገብ ቆሟል፤ ኬብሉ ከጊታሩ ወርዶ በወይን ጠጁ ጨርቅ ሥር ይጠፋል። እኔን ሲያየኝ ሹራብ አለመልበሴን አስተዋለና ፊቱ ተቀየረ። ኬብሌን ከጊታሬ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰካሁት።

አምልኮው ተጀመረ።

እንደጠበቅኩት ሆነ፣ እንዲያውም ከዚያ የባሰ። የናሆም ጊታር እንደ ማር ይፈሳል። የእኔ ኪን ኪን ይላል። ለዓመታት በሳጥኑ ማስተጋባት ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ የጣቴ መንሸራተት ሁሉ ራቁቱን ወጣ። ሁለተኛው መዝሙር ላይ አንድ ኖታ ሳትኩ፤ ስቼው ደግሞ የሚደብቀኝ ነገር አልነበረም። ማልቀስ አምሮኛል፤ አላለቀስኩም። ሦስተኛው ላይ እልህ ያዘኝና ጣቶቼን ብቻ ማዳመጥ ጀመርኩ። ጠንቅቄ፣ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዷን ክር በሚገባት ልክ እየነካሁ። አላማረም። ግን የእኔ ነበር፣ ሌላ የማንም አልነበረም።

ስብሰባው አልቆ ሰዉ ወደ ምሳ ሲፈስ ጋሽ አድማሱ መድረክ ላይ ወጡ። እትዬ ወርቅነሽም ከኋላቸው ነበሩ። ጋሽ አድማሱ ቀጥታ ሄደው ናሆምን አቀፉት።

«ተባረክ! ዛሬ እውነተኛውን የጊታር ድምፅ ሰማን! አያችሁ፣ አስመሳዩ ሲወጣ ድምፁ እንዴት እንደሚጠራ!»

«ክብሩ ለጌታ ነው» አለ ናሆም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ አባታዊ ሐዘን ነበር።

«አንቺ ግን፣ እህቴ፣ ውሳኔውን አላከበርሽም። ያ የማስመሰል ድምፅ ይታወቃል። እኛም ጆሮ አለን።»

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። ኬብሌን አንስቼ አሳየኋቸው።

«ጋሽ አድማሱ፣ ይኸው። ከጊታሩ ወጥቶ ሚክሰር። መሀል ላይ ምንም የለም።»

«ሽቦ አታሳዪኝ። የሰማሁትን ሰምቻለሁ።»

ናሆምን አየሁት። አንድ ቃል እንዲናገር ጠበቅኩ። ጊታሩን በጨርቅ ይወለውላል።

«ትማራለች፣ ጋሽዬ» አለ ቀና ሳይል። «እንጸልይላት።»

ይቺ ናት የጨረሰችኝ። ማታለሉን እችለው ነበር፤ ጸሎቱን አልቻልኩትም።

«የፑልፒቱን ጨርቅ ይግለጡት» አልኳቸው።

«ምን?»

«ጨርቁን። ይግለጡትና ይዩ።»

ጋሽ አድማሱ ጎንበስ ብለው የጨርቁን ጫፍ አነሱ። ሳጥኑ እዚያ ነበር፤ ሰማያዊና ቀይ መብራቱ እየተብለጨለጨ፣ የአምፕ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ወጥቶ፣ የናሆም ኬብል በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጥቶ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ናሆም ትንሽም አልተደናገጠም።

«ስታብላይዘር ነው፣ ጋሽዬ። መብራቱ ስለሚያስቸግር።»

ስታብላይዘር! ቦንጋ ውስጥ በየቤቱ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ሥር የተቀመጠውን፣ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ዕቃ! ጋሽ አድማሱ ራሳቸው በግዥ ሥራቸው ስንቱን ስታብላይዘር አስገዝተው እንዳስረከቡ እግዚአብሔር ይወቀው። የገባውን ኬብል አዩ። የወጣውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ገብቷቸዋል። ዓይናቸው ላይ አየሁት፤ ሁሉም ነገር ገብቷቸዋል።

«አዎ፣ መብራት እዚህ አስቸጋሪ ነው» አሉ። ጨርቁንም በጥንቃቄ መልሰው አወረዱት። «በደንብ ሸፍነው፤ አቧራ እንዳይገባበት።»

የሚሰማኝ ሰው እዚያ አልነበረም። ጊታሬን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ በጎን በር ወጣሁ። እትዬ ወርቅነሽ በጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ ተከተሉኝና ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አትቀየሚ። አድማሱን ታውቂው የለ።»

«እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ልዩነቱን ሰምተዋል። ሁለት ጊታር ነበር። አንዱ የታፈነ ቆርቆሮ፣ አንዱ እንደ ማር የሚፈስ።»

እትዬ ወርቅነሽ ተጨነቁ። ቦርሳቸውን ከፍተው ከረሜላ ሰጡኝ። ከዚያ በጣም በለሆሳስ፣ እንዳያሳዝኑኝ እየፈሩ፣

«ያንቺ የትኛው ነበር?» አሉኝ።

ከልጅነቴ ጀምረው በየእሁዱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰሙኝ ሴት ናቸው። መንገዱ ዳር ቆሜ ከረሜላውን በእጄ ይዤ ሳቅኩ፤ ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ ልቅሶው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እትዬ ወርቅነሽም ምክንያቱን ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነው ገጠመኜ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መድረክ ላይ አልወጣሁም። የጅማው ልጅ መጥቶ ቦታዬን ይዟል፤ ሰላም እንባባላለን፣ ጥሩ ልጅ ነው። የናሆምን ሳሙና የምታክል ሳጥን ሰኞ ጠዋት መለስኩለት። «ተቀየምሽ እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ስለ ቶን ማውራት ጀመረ።

ምን ተለወጠብኝ? መጀመሪያ የተለወጠው ጆሮዬን ለሌላ ሰው አፍ ማከራየቴን መተዌ ነው። ናሆም «ይቀረዋል» ሲል ይቀረኛል ብዬ፣ ጢማም ፈረንጅ «ሰማችሁት?» ሲል ሰማሁ ብዬ፣ ሽማግሌ «ይታወቃል» ሲል ታወቀብኝ ብዬ የኖርኩት ዕድሜ ያናድደኛል። አንዳቸውም አይሰሙም ነበር። ናሆም የሚሰማው ዋጋውን ነው፤ ጋሽ አድማሱ የሚሰሙት ቃለ ጉባኤያቸውን ነው። እትዬ ወርቅነሽ ደግሞ እኔን ነበር የሚሰሙት፤ ጊታሩን አይደለም፣ በዚህ አልቀየማቸውም። እናንተም ዕቃችሁን ለማደስ ስታስቡ፣ ስልክም ይሁን መኪና፣ «ይህ ያረጀ ነው» ያላችሁን ሰው መጀመሪያ ጆሮውን መርምሩት።

አሁን ወር በገባ ቁጥር ቢታ ገነት አካባቢ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አገለግላለሁ። አዳራሹ የጭቃ ነው። መዝሙሩም ጸሎቱም ስብሰባውም በካፊኖኖ ነው። እዚያ ለብዙ ወራት ያቺን አሮጌ ሳጥን ይዤ ሄድኩ። አሮጌውን ሙጭጭ ብዬ የያዝኩ ጀግና አድርጋችሁ ልትጨርሱኝ ከሆነ ግን ተሳስታችኋል። ባለፈው ክረምት የግራ መርገጫዋ ጨርሶ ተሰበረ፣ በተረከዝ ቢደልቋትም እምቢ አለች፤ እኔም አዲስ ሞዴለር ገዛሁ። አዎ፣ አፕግሬድ አደረግኩ። ደስም ብሎኛል። የማስቀምጠው ከእግሬ ፊት፣ መብራቱ እየበራ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው። ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።